አክሽን ዝቅ ለማድረግ መጀመሪያ ሳድሉን አትንኩት

ጊታር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን "ክሩ ከፍ ብሎብኛል፣ ጣቴን ጨረሰው" ማለቱ አይቀርም፣ ከዛ የመጀመሪያ ስራው ምን መሰላችሁ፣ ያቺን የታጠፈች ትንሽ አለን ኪ ፈልጎ ሳድል ላይ (ክሩ በገላው በኩል የሚያርፍባት ቁራጭ) ያሉትን ብሎኖች ቁልቁል ማዞር። ያወርዳል ያወርዳል፣ ዝዝዝ ማለት ሲጀምር ትንሽ ይመልሳል፣ በቃ ጨረስኩ ይላል። እንደዚህ የተስተካከለ ጊታር ደግሞ እጅ ላይ እንደገባ ያስታውቃል። ላይኛዎቹ፣ ማለት ወደ ገላው የሚጠጉት፣ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ሶሎ ስትሞክሩ ድምፁ ይታፈናል፣ አንደኛው ፍሬት ላይ ኤፍ ኮርድ ስትይዙ ግን አሁንም ጣት ይቆርጣል። ማለት ሁለቱም ችግር ባንድ ላይ፣ ዝቅም አላለም ይንጣጣልም።

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ነው የማወራው፣ አኩስቲክ የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

ለማያውቅ፣ አክሽን የሚባለው ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ታችኛ ጎን ድረስ ያለው ክፍተት ነው። ከጊታር ፋብሪካዎቹ ጊብሰን 12ኛው ፍሬት ላይ ነው የሚለካው፣ ፌንደር ደግሞ 17ኛው ላይ፣ ይሄን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ አንስተው የሚከራከሩ ሰዎች ሁሌ ያስቁኛል። ጊብሰን ለወፍራሟ ስድስተኛ ክር 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኗ አንደኛ ክር 1.2 ገደማ ይላል። ፌንደር የቦርዱ ራዲየስ (ቦርዱ በወርዱ ምን ያህል ጉብ እንዳለ የሚናገር ቁጥር፣ ሲያንስ ጉብታው ይበዛል) ከ9.5 እስከ 12 ኢንች ለሆነ ጊታር በሁለቱም ጎን 1.6 ይላል፣ ግን 17ኛው ላይ፣ ክሩ ደግሞ ወደ ብሪጁ፣ ሳድሎቹ ወደተቀመጡበት፣ በቀረበ ቁጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ ያው 1.6 ያላችሁት ጊታር 12ኛው ላይ ሲለካ ያንሳል። እኔ "ዝቅ ያለ" የምለው 12ኛው ላይ ወፍራሟ 1.6 ቀጭኗ 1.2 አካባቢ ሲሆኑ ነው። ከዛ በታች የሚያወርድ አለ፣ ይቻላልም፣ ብቻ ፍሬቶቹ በጣም እኩል መሆን አለባቸው፣ እጃችሁም ለስላሳ።

በቅርቡ ቸርች ውስጥ የሚጫወት አንድ ጓደኛዬ ስኳየር ስትራቱን (የፌንደር ረከስ ያለው ብራንድ የሚሰራው ስትራቶካስተር) ይዞ መጣ፣ አጎቱ ከአሜሪካ ያመጡለት ነው። ሳድሎቹ በሙሉ ብሪጁ ላይ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ስትራት ላይ ሳድሉ ሲወርድ ብሎኖቹ አብረው አይወርዱም፣ ሳድሉ በነሱ ላይ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ የያንዳንዷ ብሎን ጫፍ ከሳድሉ በላይ ወጥታ ቆማለች፣ ድምፅ ለማፈን መዳፋችሁን ብሪጁ ላይ ስታሳርፉ ትወጋችኋለች። የልጁ መዳፍ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለው እኮ! "አቦ ከዚህ በላይ አይወርድም፣ አልቋል፣ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው" አለኝ። አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ ሰባተኛና ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ ክሩ ከቦርዱ ርቆ ይታያል፣ 15ኛው ጋ ደግሞ ይንጣጣል። ስራው ሲያልቅ ሳድሎቹ ወደ ላይ ነው የወጡት። አዎ ወደ ላይ። ለጣት ግን ጊታሩ ዝቅ አለ፣ መንጣጣቱም ቀረ። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው ነገር።

በመጀመሪያ አዲስ ክር፣ እና የምትጫወቱበት ቅኝት ላይ በትክክል የተቃኘ። ሰው ይሄን ይንቃል። መደበኛ 10-46 ክር (ቁጥሮቹ የቀጭኗና የወፍራሟ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ናቸው) ስትራት ላይ ሲቃኝ በጠቅላላው ከ45 ኪሎ በላይ ነው ኔኩን፣ ማለት የጊታሩን አንገት፣ የሚስበው፣ 9-42 ደግሞ 38 ኪሎ አካባቢ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም ኔኩ ይሰማዋል። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነ እዛው ላይ ቃኙና ነው መለካት የሚጀመረው። ስትራት ከሆነና ብሪጁ ከገላው ተነስቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ሌላም አለ፣ ከጀርባ ያሉት ስፕሪንጎችና ክሮቹ እየተጓተቱ ነው ብሪጁን የሚይዙት፣ ስለዚህ ወፍራም ክር ስታስገቡ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብልና አክሽኑ ብቻውን ከፍ ይላል፣ ቀጭን ስታስገቡ ወደ ኋላ ይተኛና ይወርዳል። ይሄኔ ሳድል ማዞር ትርፉ ድካም ነው፣ ከጀርባ ክዳኑን ከፍታችሁ ስፕሪንጉን የያዙትን ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች በካቻቢቴ አስተካክላችሁ ብሪጁን ወደ ቦታው መልሱት፣ ከዛ ወደ ኔኩ።

አሁን ሪሊፍ የሚባለው ነገር መጣ። ኔክ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም፣ መሃሉ ላይ በጣም በጥቂቱ ሰርጎድ ማለት አለበት። ለምን መሰላችሁ፣ ክር ሲመታ ልጆች ገመድ ሲያዞሩ እንደሚሆነው መሃሉ ላይ ነው በሰፊው የሚወዛወዘው፣ ለዛ ውዝዋዜ ቦታ መተው አለባችሁ። ሰርጓዳው ሲበዛ መሃል ፍሬቶች ላይ ክሩ ይርቃል፣ ጣት ይደክማል፣ ያንን ለማካካስ ሳድሉን ስታወርዱት ደግሞ ከ12ኛው በላይ ያሉት ፍሬቶች ክሩን ይነኩታል፣ የጓደኛዬ ጊታር ልክ ይሄ ነበር። ተቃራኒው፣ ማለት ኔኩ ሆዱን ወደ ክሩ ከነፋ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛው ያለው ይንጣጣል፣ ላይኛው ግን ንጹህ ነው። ስለዚህ የት እንደሚንጣጣ ብቻ በማየት ግማሹን ምርመራ ጨርሳችኋል።

መለኪያው ቀላል ነው። አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) አድርጉ፣ ስድስተኛዋን ክር ኔኩ ከገላው ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ወይ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ፣ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ ማለት ነው። ከዛ ሰባተኛ ወይ ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ አናት መሃል ያለውን ክፍተት እዩ። ለ9.5 ኢንች ቦርድ ፌንደር 0.25 ሚሊሜትር ይላል፣ ለድሮዎቹ 7.25 ኢንች 0.3፣ ጠፍጠፍ ላሉት ከ15 ኢንች በላይ 0.2። መካኒኮች ቫልቭ የሚያስተካክሉበትን ፊለር ጌጅ ግዙ ይላሉ ሁሉም፣ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ግን ገንዘብ አታውጡ። ከ10-46 ፓኬት ውስጥ ያለችው ቀጭኗ ክር እኮ ውፍረቷ 0.010 ኢንች ነው፣ በሚሊሜትር 0.25፣ ማለት ልክ የምትፈልጉት ቁጥር! ክር ስትቀይሩ የቆረጣችሁትን ትርፍ ጫፍ አትጣሉት፣ ያቺን ጫፍ ክፍተቱ ውስጥ አስገቧት፣ ሳትነካ እንዲሁ ካለፈች ሰርጓዳው ብዙ ነው፣ ክሩን ወደ ላይ ገፍታ ካነሳችው ትንሽ ነው፣ ሁለቱንም ነክታ ከተንሸራተተች በቃ ደረሳችሁ። ወፍራሟ የ46 ጫፍ ደግሞ 1.17 ሚሊሜትር ናት፣ ለአንደኛ ክር አክሽን መለኪያ እሷን እጠቀማለሁ። የጓደኛዬ ጊታር ላይ የቀጭኗን ጫፍ ሁለት አጥፌ ሳስገባት ራሱ ሳትነካ ነው ያለፈችው።

ይሄን የሚያስተካክለው ትረስ ሮድ ነው፣ ኔኩ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ። ጊብሰን ውስጥ ይሰራ የነበረ ታዲየስ ማክሂው የሚባል ሰው ነው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፓተንት ያስወጣለት፣ ዛሬ አብዛኛው ጊታር ላይ አለ። ቁልፉ አንዱ ጊታር ላይ ጭንቅላቱ ጋ ነው፣ የድሮ አሰራር ፌንደሮች ላይ ደግሞ ገላው ጋ ስለሆነ ኔኩን መፍታት ሊጠይቅ ይችላል። ጊብሰን ላይ ትንሿን ክዳን ፈትታችሁ ታገኙታላችሁ፣ ስኳየሩ ላይ ጭንቅላቱ ላይ ቀዳዳ አለች፣ አለን ኪ ነው የሚገባው፣ ልክ የሚገጥመውን ፈልጉ፣ "ትንሽ ላላ ይላል ግን ይሰራል" የሚባል ነገር እዚህ የለም፣ የቁልፉ አፍ ከተበላ ኔኩ አለቀለት። በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ይጠብቃል፣ ሰርጓዳው ይቀንሳል፣ በተቃራኒው ሲላላ ሰርጓዳው ይጨምራል። መጀመሪያ ትንሽ ላላ አድርጉት፣ እንደሚንቀሳቀስ እወቁ፣ ከዛ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ፣ ቃኙት፣ ለኩት። ሩብ ዙር ስላችሁ ሩብ ዙር። እንጨት ነው፣ ወዲያው የማይመልስ አለ፣ ለነገ ትታችሁት ስትመጡ ተጨማሪ የሚንቀሳቀስ አለ። እጅ ላይ ከብዶ እምቢ ካለ አቁሙና ባለሙያ ጋ ውሰዱት፣ የተሰበረ ሮድ ያለው ርካሽ ጊታር ማሰሪያው ከራሱ ዋጋ ይበልጣል።

አየሩም አለ። አዲስ አበባ ክረምትና በጋ ለእንጨት ሁለት የተለያየ አገር ነው፣ ሀምሌና ነሀሴ ላይ ቤት ውስጥ ራሱ ሁሉ ነገር እርጥብ ነው፣ ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ ከንፈር የሚሰነጥቅ ድርቀት። ኔኩ ወዴት እንደሚሄድ እንደ እንጨቱ ይለያያል፣ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ የማይለያየው ነገር በበጋ ቦርዱ ሲደርቅና ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ በጎን በኩል ወጥቶ እጅ መቧጨሩ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ያላችሁ ደግሞ በብርዱ ወቅት ሂተሩ ነው የሚያደርቀው፣ በሙቀቱ ወቅት ወበቅ ነው፣ ያው ነገር በተገላቢጦሽ። ስለዚህ በአንድ ወቅት የተስተካከለ ጊታር በሌላው ወቅት ቢንጣጣ ማንም አልነካውም፣ ማንም አላበላሸውም፣ ሩብ ዙር ይበቃዋል።

ቀጥሎ ነት። የክሮቹ የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ጭንቅላቱ ጋ ያለችው ነጭ ወይ ጥቁር ቁራጭ። ለእኔ በርካሽ ጊታር ላይ ከምንም በላይ የሚበደለው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካ ውስጥ የነት መቁረጫ በጥልቀት ቢሄድ ባዶው ክር ይንጣጣና ጊታሩ ይመለሳል፣ ከፍ ብሎ ቢቀር ግን ገዢው "ጀማሪ ስለሆንኩ ነው ጣቴን የሚያመኝ" ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ከፍ አድርገው ይተዉታል። ምርመራው ደስ ይላል፦ ክሩን ሶስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ስልካችሁን ከኋላ አብሩት፣ ብርሃኑ በጠባቧ ክፍተት ሲያልፍ መታየት አለበት፣ ግን በጣም ጭላንጭል። አንድ ተራ የኤ ፎር ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ለመግባት የሚያቅማማበት ክፍተት ጥሩ ነው፣ ሁለት ሶስት ወረቀት እጥፍ አድርጋችሁ እንደልብ ከገባ ግን ነቱ ከፍ ብሏል። ይሄ ጣትን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ክሩ ፍሬቱን እስኪነካ ብዙ ስትጫኑት ይሳባል፣ ሲሳብ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ባዶ ክሩ በቲውነር ልክ ሆኖ ኤፍ ኮርድ ስትይዙ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም። ጓደኛዬ "ኪቦርዲስቱ ነው የተበላሸው" ሲል ነበር የከረመው። ኪቦርድ እንዴት ይበላሻል ወንድሜ!

ማስተካከያው ሞረድ ነው፣ ግን ለየክሩ ውፍረት የተሰራ የነት ሞረድ። እሱ ውድ ነው፣ እዚህም በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ ብየዳ ቤቶች የኦክስጅን ችቦ አፍ የሚያጸዱባቸውን የተጠረቡ ሽቦዎች የሚጠቀም አለ፣ እኔም እንደዛው፣ የተለያየ ውፍረት ስላላቸው ከክሩ በትንሹ የሚወፍረውን ትመርጣላችሁ። ሶስት ማዕዘን ሞረድ ግን በፍጹም፣ ክሩ ታች ተጣብቆ ይቀራል፣ ስትቃኙ "ጢንግ" እያለ ይዘላል። ቦዩ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ዘመም ማለት አለበት፣ ከፍተኛው ነጥቡ በፍሬቶቹ በኩል ያለው ጠርዝ ነው፣ ካልሆነ ባዶው ክር እንደ ሲታር ያጉረመርማል። ሁለት ሶስት ጊዜ ሳብ፣ ክሩን መልስ፣ ቃኝ፣ እይ። ሰልቺ ነው አውቃለሁ። አልፋችሁ ከቆረጣችሁ ቦዩ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ማድረግ ነው፣ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፣ እንደገና መሞረድ ይቻላል፣ ለጊዜው ይሰራል፣ ለረጅም ጊዜ ግን አዲስ ነት ይሻላል።

እነዚህ ሁለቱ ካለቁ በኋላ ነው ወደ ሳድል የሚመጣው። እዚህ ጋ እኔ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ቀሪው ማዞር ብቻ ነው። አንድ የሒሳብ ነገር ብቻ ያዙ፦ 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ ሳድሉን 1 ሚሊሜትር ብታወርዱት 12ኛው ላይ የሚወርደው ግማሹ ነው። እስያ የተሰሩት ስትራቶች ላይ የሳድል ብሎኗ አንድ ሙሉ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ስለምትሄድ 12ኛው ላይ ሩብ ሚሊሜትር መሆኗ ነው። ስለዚህ በግማሽ ዙር ስሩ፣ ሁለቱንም የሳድሉን ብሎኖች እኩል፣ ሳድሉ እንዳያዘነብል። የጊብሰኑ ሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ላይ ደግሞ ብሪጁ በሙሉ ነው በሁለት የሚዞሩ ክብ ብረቶች የሚወጣና የሚወርደው፣ ክር በክር ማስተካከል የለም፣ ፈጣን ነው፣ የሳድሎቹ ቁመት ቀድሞ ከቦርዱ ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ስለተሰራ።

ስትራት ላይ ግን ያንን ቅስት ራሳችሁ ናችሁ የምትሰሩት። ቦርዱ በወርዱ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መሃሉ ጉብ ያለ ነው፣ የሳድሎቹም ሰልፍ ያንን መከተል አለበት፣ አንደኛዋንና ስድስተኛዋን ካስተካከላችሁ በኋላ መሃል ያሉትን አራቱን በዛው ቁጥር እየለካችሁ። ይሄ ራዲየስ የሚባለው ነገር ምን ያህል መውረድ እንደምትችሉም ይወስናል። የ50ዎቹና የ60ዎቹ ፌንደሮች 7.25 ኢንች ናቸው፣ በጣም ጉብ ያለ፣ ኮርድ ለመያዝ ምቹ፣ ግን አንደኛዋን ክር 15ኛው ላይ ይዛችሁ አንድ ሙሉ ድምፅ ቤንድ ስታደርጉ (ክሩን ወደ ጎን ገፍታችሁ ድምፁን ስታሳድጉ) ክሩ ወደ ጉብታው ስለሚሄድ ከፊት ያለው ፍሬት ያገኘዋል፣ ድምፁ እዛው ይሞታል። ለዛ ነው ፌንደር ለነዚህ 2 እና 1.6 የሚለው። ጊብሰን 12 ኢንች ነው፣ አይባኔዝ ደግሞ በሚሊሜትር ነው የሚናገረው፣ ብዙዎቹ 400 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ፣ ወደ 16 ኢንች መሆኑ ነው፣ በጣም ዝቅ የሚለውም ለዛ ነው። ቪንቴጅ ስታይል ስትራት ይዞ መጥቶ "እንደ አይባኔዝ አድርግልኝ" የሚለኝን ሰው እምቢ ነው የምለው፣ ቤንድ ተው ካላልኩት በቀር አይሆንም።

ኔኩ ልክ ሆኖ ሳድሉ ልክ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ለምሳሌ ስምንተኛው ላይ ስትጫኑ ይንጣጣል፣ ዘጠነኛው ላይ ንጹህ ነው፣ ጥፋተኛው ዘጠነኛው ነው፣ ከጣታችሁ ፊት ያለው። የኤቲኤም ካርዳችሁን አውጡ፣ አጭሩን ጠርዝ ወይ ረጅሙን እንደ ርቀቱ ሶስት ፍሬት ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ መሃለኛው ከፍ ካለ ካርዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ጢክ ጢክ ይላል። አጭሩ ጠርዝ ራሱ አራት ፍሬት መንካት እስኪጀምር ድረስ ሶስት ሶስቱን እያላችሁ ሂዱ፣ የሚወዛወዝበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፍሬቱ ከቦዩ ተነስቶ ከሆነ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይመልሰዋል። ካልሆነ ግን ፍሬት ማስተካከል ማለት አናቱን በማርከር ማቅለም፣ ቦርዱን በቴፕ መሸፈን፣ ቀጥ ባለ ነገር ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት መላግ፣ ከዛ ጠፍጣፋ የሆነውን አናት መልሶ ማሾል፣ መወልወል ነው። ርካሽ ጊታር ላይ ተለማመዱ ወይ ለሚችል ሰው ስጡ፣ ብረቱ አንዴ ከተላገ አይመለስም።

ሁሉም ተደርጎ ሳድሎቹ ታች ደርሰው ክሩ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ የኔኩ አቀማመጥ ነው፣ ኔኩ በብሎን የታሰረ ጊታር ላይ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ ስስ ነገር (ሺም ይሉታል) ማስገባት ነው፣ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ብታስገቡ ሳድሉ ላይ ብዙ ቦታ ይከፈትላችኋል። "ሺም አለበት" ሲባል ጊታሩ ተበላሽቷል የሚመስለው ሰው አለ፣ ፌንደር ራሱ ሺም ሲያስገባ ነው የኖረው፣ ከ70ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ያንን ማዘንበል በብሎን የሚያደርግ ማይክሮ ቲልት የሚል ነገር አውጥቶ ነበር። የጓደኛዬ ግን ይሄ ድረስ አልሄደም።

ከመርሳቴ በፊት፣ ስትራት ላይ ፒካፑን (ከክሩ ስር ያለው፣ ድምፁን የሚይዘው ማግኔት) በጣም ወደ ክሩ አታቅርቡት። ድምፅ ይጨምራል ብሎ የሚያስጠጋ ሰው አለ። ማግኔቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየሳበ ድምፁን ያውለበልበዋል፣ እንዲያውም የፍሬት ችግር ይመስላል፣ አክሽኑ በወረደ ቁጥር ደግሞ ክሩ ወደ ማግኔቱ እየቀረበ ነው። መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ በወፍራሟ በኩል 2.4፣ በቀጭኗ በኩል 2 ሚሊሜትር አካባቢ ተዉለት።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚከራከርበት፣ ትንሽ መንጣጣት ካለ ችግር ነው ወይ? አምፕ ውስጥ ካልተሰማ ችግር አይደለም ባይ ነኝ። ሳይሰካ መኝታ ቤት ውስጥ የሚሰማችሁ ጢዝዝታ ግማሹ ፒካፑ ጋ አይደርስም። ሰክታችሁ፣ ክሊን ድምፅ ላይ፣ በምትጫወቱበት ጉልበት ምቱት፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው እየዘለቀ ከሆነ ተዉት። የሚገርመው እኛ ሰፈር ዝዝታ ራሱ ውበት የሆነበት መሳሪያ አለን፣ በገና ላይ በክሩና በማረፊያው መሃል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ ቆዳዎች የሚገቡት ሆን ተብሎ ክሩ እንዲንዘረዘር ነው፣ ቆዳው ቦታው ካልያዘ መምህሩ አይደሰቱም። ጊታር ላይ ነው ነውር የሆነው።

ከዛ የምትጫወቱት ነገር አለ። ትዝታ ላይ ሶሎ የሚጫወት ሰው፣ ድምፁን እያሽሞነሞነ ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው የሚንሸራተት፣ በግራ እጁ ብቻ ክሩን እየመታ የሚያስጌጥ፣ ለሱ ዝቅ ያለ አክሽን ገነት ነው፣ ጣቱ ሳይጫን ድምፁ ይወጣል። ችክችካ ሪትም የሚመታ ሰው ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰርግ ላይ ቀኝ እጁን እያወረደ የሚገርፍ ጊታሪስት 1.2 ላይ ከተቀመጠ ክር ጋር አይስማማም፣ ሲገርፈው ክሩ ፍሬቱን እየገጨ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፣ ከበሮው ውስጥ ይጠፋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ወፍራሟን 2፣ ቀጭኗን 1.6 አድርጌ ነው የምሰጠው፣ ክሩንም 10 ወይ 11። አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን 13 ክር አድርጎ፣ ግማሽ ድምፅ አውርዶ፣ አክሽኑን ከፍ አድርጎ ነው ያን ሁሉ የተጫወተው፣ ጣቱን ግን ብዙ ጊዜ በሱፐር ግሉ ሲለጥፍ ነው የኖረው፣ ስለዚህ እሱን አርአያ አታድርጉ።

መጨረሻ ላይ ኢንቶኔሽን፣ ማለት ክሩ የትኛውም ፍሬት ላይ ሲያዝ ቅኝቱ ልክ መሆኑ፣ ምክንያቱም ሳድሉ ከፍ ዝቅ ካለ የክሩ ርዝመት በጥቂቱም ቢሆን ተነክቷል፣ የምትጫኑበት ርቀትም ተቀይሯል። 12ኛው ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ የሚወጣውን ድምፅ) ምቱ፣ ከዛ እዛው ተጭናችሁ ምቱ፣ ቲውነሩ ሁለቱን እኩል ማሳየት አለበት። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ወደ ኔኩ። ከያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ክሩን እንደገና ቃኙት። በአሮጌ ክር ይሄን መስራት ጊዜ ማጥፋት ነው፣ የዛገ ክር በምንም ልክ አይገባም።

ፍሎይድ ሮዝ (ክሩን የሚቆልፍ ተንሳፋፊ ብሪጅ) ያላችሁ ደግሞ ትዕግስት ይስጣችሁ፣ እዛ ላይ አንዱን ስትነኩ ስድስቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ነቱም የሚቆለፍ ብረት ስለሆነ ሞረድ አይሰራም፣ ስር የሚገባው ስስ ብረት ነው የሚቀያየረው፣ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ። እስከዛ ጥያቄ ያለው በቴሌግራም ይላክልኝ፣ ብቻ "ጊታሬ ይንጣጣል" ብላችሁ ብቻ አትላኩ እባካችሁ፣ የትኛው ክር፣ የትኛው ፍሬት ላይ፣ ክሩ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ እና በዛች የ10 ጫፍ ስትለኩት ነካች ወይስ አልነካችም የሚለውን ጻፉልኝ።